ጳውሎስ ባሎችን «ሚስቶቻችሁን አስገዙ» አላላቸውም

ሰሞኑን ስለ ሚስት መገዛትና ስለ ፌሚኒዝም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ነበር። የማውቃቸው እህቶች ልከውልኝ «አንብቢውና ምን እንደምትዪ ንገሪን» አሉኝ። ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። አጻጻፉም ያምራል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰው ቤት ይገባል።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሚስት ለባሏ በሁሉ እንድትገዛ እግዚአብሔር አዟል። ይህ ሥርዓት ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ ነው። ፌሚኒዝም ግን ከምዕራቡ ዓለም መጥቶ ትዳራችንን እያፈረሰ ነው። የተማሩና የራሳቸው ደመወዝ ያላቸው ሴቶች መገዛት አቅቷቸዋል። ባል ቢከፋ እንኳ ሚስት ገመናዋን ሳታወጣ በዝምታ ትርታው። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ ትምህርታቸው ውስጥ «እኩልነት» የሚለውን ነገር እንዲያወጡ ይጠይቃል።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። በቤተ ክርስቲያኔ ለመጋባት የተዘጋጁ ጥንዶችን ከሚያስተምሩት አንዷ ነኝ። ኤፌሶን ምዕራፍ 5ን በየዙሩ እናነባለን፤ ወደፊትም እናነባለን። የምከራከረው ጸሐፊው ከምዕራፉ ቆርጦ ስላስቀረው ነገር ነው።

«ትእዛዙ ግልጽ ነው» ይላል

ጸሐፊው የሚጀምረው ከቁጥር 22 ነው። «ሚስቶች ሆይ፥ ለጌታ እንደምትገዙ ለባሎቻችሁ ተገዙ» የሚለውን ይጠቅስና፣ ይህንን የምትከራከር ሴት የምትከራከረው ከእግዚአብሔር ጋር ነው ይላል።

ከቁጥር 22 በፊት ቁጥር 21 አለ። «ለእያንዳንዳችሁ በክርስቶስ ፍርሃት የተገዛችሁ ሁኑ» ይላል። ይህ የተነገረው ለምእመናን ሁሉ ነው። ባልም ሚስትም አሉበት። ጳውሎስ ወደ ሚስቶች የመጣው ይህንን ካለ በኋላ ነው። ጸሐፊው ይህንን ቁጥር አንድም ቦታ አላነሳውም።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቁጥር 25 አለ። ባሎች ሚስቶቻቸውን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት፣ ስለ እርስዋም ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ አድርገው እንዲወዱ ታዘዋል። ለሚስቶች የተነገረው በሦስት ቁጥር ያልቃል። ለባሎች የተነገረው እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይዘልቃል። ጸሐፊው ለዚህ ረጅም ክፍል የሰጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ባልም በበኩሉ ሚስቱን መውደድ ይኖርበታል።» ራስን እስከ ሞት አሳልፎ መስጠት «በበኩሉ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው?

ጳውሎስ ይህንን ደብዳቤ የጻፈበትን ዓለም አስቡት። በሮም ግዛት የቤተሰብ አባት በቤቱ ላይ ያለው ሥልጣን ከባድ ነበር። ሚስት ትታዘዝ፣ ልጅ ይታዘዝ፣ ባሪያ ይታዘዝ የሚለውን ፈላስፎቹም ይሉት ነበር። ለዚያ ዘመን ሰው አዲስ የሆነው ለባል የተነገረው ነው። «ስለ እርስዋ ሙት» የሚል የቤት ሥርዓት ማንም ሰምቶ አያውቅም።

ከሁሉም በላይ የምላችሁ ግን ይህ ነው። አዲስ ኪዳን ስለ ባልና ሚስት የሚላቸውን ሰብስባችሁ አንብቡ። ኤፌሶን 5፣ ቆላስይስ 3፣ አንደኛ ጴጥሮስ 3፣ አንደኛ ቆሮንቶስ 7። ለሚስት የተነገረው ለራሷ ለሚስት ነው። ለባል የተነገረው ለባል ነው። «ባል ሆይ፥ ሚስትህን አስገዛት፤ እንቢ ካለችህም ቅጣት» የሚል ቃል የትም አታገኙም። ቤቱን በመልካም ያስተዳድር የሚለው አንደኛ ጢሞቴዎስ 3 እንኳ ይታዘዙለት የሚለው ልጆቹን ነው። ለባል የተሰጡት ትእዛዛት ውደዳት፣ መራራ አትሁንባት፣ በማስተዋል አብረሃት ኑር፣ አክብራት የሚሉ ናቸው። ጴጥሮስማ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ መገዛት አንዲት ሴት ለጌታ ብላ በፈቃዷ የምትሰጠው ነገር ነው። እንድትሰጥ የማስገደድ ሥልጣን ለባሏ አልተሰጠውም። የወንድማችን ጽሑፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የሚናገረው ለባሎች ነው። ባሎች ቁጭ ብለው የሚያነቡት ስለ ሚስቶቻቸው ግዴታ ነው። የራሳቸው ግዴታ «በበኩሉ» ሆኖ ቀርቷል።

«በሁሉ» የሚለው ቃል ልዩ ሁኔታ አይፈቅድም የሚለውንም ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። በቆላስይስ 3 ላይ ባሪያዎችም ጌቶቻቸውን «በሁሉ» እንዲታዘዙ ተጽፏል። ባሪያ ፈንጋዮች ይህንን ጥቅስ ለብዙ ዘመን ይዘው ኖረዋል። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ሲከለከል እግዚአብሔር ተቃወመ የሚል ክርስቲያን ዛሬ የለም። በባርነት ዓለም ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች የተሰጠ ምክር ባርነት ይቀጥል ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ጥቅሱ ስለ ሚስቶች ሲሆን ግን ይህ ማስተዋል ድንገት ይጠፋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ «በሁሉ» ገደብ እንዳለው ያሳያል። አቢግያ ባሏ ናባል በዳዊት ላይ የፈጸመውን ስንፍና ሰምታ ስንቁን አስጭና ወደ ዳዊት ወጣች። ለባሏ አልነገረችውም። ዳዊት ባረካት። ሰጲራ በተቃራኒው ከሸጡት መሬት ዋጋ ከፊሉን ለመደበቅ ከባሏ ከሐናንያ ጋር ተስማማች። ጴጥሮስ ለብቻዋ አቁሞ ጠየቃት። ባሏን ተከትዬ ነው ብላ የምትድንበት መንገድ አልነበራትም። በእግዚአብሔር ፊት ሚስት ለራሷ መልስ የምትሰጥ ሰው ናት።

«ከፍጥረት ጀምሮ ወንድ ገዢ ነው» ይላል

ዘፍጥረት 1 ምድርን የመግዛት አደራ የሰጠው ለሁለቱም ነው። «እርሱም ገዥሽ ይሆናል» የሚለው የሚመጣው በምዕራፍ 3፣ ከውድቀት በኋላ ነው። አብረውት የመጡት የምጥ ጭንቅ፣ እሾህና አሜከላ፣ የፊት ላብ ናቸው። ገበሬ እሾህን ሲነቅል የእግዚአብሔርን ሥርዓት አፈረሰ አንለውም። ምጥ የጠናባትን ሴት ሐኪም ሲረዳት ኃጢአት ነው አንልም። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲጠበቅ የምንፈልገው የባልን ገዢነት ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ጸሐፊው ሣራ አብርሃምን «ጌታ» ብላ እንደጠራችው ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ አንደኛ ጴጥሮስ 3 ላይ አለ። ዘፍጥረት 21 ቁጥር 12ን ግን አላነበበም ወይም አልፎታል። አብርሃም ሣራ ያለችው ነገር ሲከብደው እግዚአብሔር ራሱ «ሣራ የምትነግርህን ሁሉ ቃልዋን ስማ» አለው። ይህንን ጥቅስ ጠቅሶ ባሎችን የመከረ ሰባኪ ስንቶቻችን ሰምተናል?

«ፌሚኒዝም ከውጭ የመጣ ነው፤ እናቶቻችን አያውቁትም» ይላል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሚስት ለባሏ ትታዘዝ የሚለው በዘመናዊ ሕጋችን ላይ የሰፈረው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘው ይል ነበር። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠውም እርሱ ነበር። ባል የሚስቱን ግንኙነትና ጠባይ እንዲከታተልም ተፈቅዶለት ነበር። የዚህ ሕግ ዋና አርቃቂ ረኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ባል ይጠብቅ፣ ሚስት ትታዘዝ የሚለው ድንጋጌ ከናፖሊዮን የ1804 ሕግ ጀምሮ ነበር። አባቶቻችን «ሚስት ታዘዢ» አላሉም እያልኩ አይደለም። ብለዋል፤ ተረቱም «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ነው። ነገር ግን የባል የበላይነት የአገር ልጅ፣ የሴት መብት የፈረንጅ ልጅ ነው የሚለው አከፋፈል ከታሪኩ ጋር አይገጥምም።

እናቶቻችንን ካነሳን እስቲ በደንብ እናንሳቸው። ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ይህንን ከፌሚኒስት አልተማረችም። በርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት ትወርስ ነበር። በሰማንያ ያገባች ሴት ትዳሩ ካልሆነላት በጋራ ያፈሩትን ተካፍላ መውጣት ትችል ነበር። በየቤቱ ይህ ሁሉ ይከበር ነበር አልልም። ባሏ የሚላትን ብቻ ሰምታ የምትኖር «የጥንቷ እናት» የምትባለው ግን ሙሉ እውነት አይደለችም።

ወለተ ጴጥሮስንም እናስታውስ። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረች ቅድስት ናት፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ገድል ጽፋላታለች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ባሏ ከንጉሡ ጎን ቆመ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ጦርነትም ባሏ ከንጉሡ ወገን ነበር። እርሷ ትዳሩን ትታ ወጣች። መነኮሰች፣ በሃይማኖቷ ምክንያት ንጉሡ ፊት ቀረበች፣ ተጋዘች፤ በጣና ዙሪያም ብዙ ተከታዮችን ሰብስባ አስተዳደረች። በወንድማችን ሚዛን ብትመዘን ከባሏና ከእግዚአብሔር ጋር የተከራከረች ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ቅድስት ብላታለች።

የራሱ የጸሐፊው ትምህርትስ ከየት መጣ? «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ወንድነት»፣ «የወንድና የሴት የተለያየ ሚና» የሚሉት አገላለጾቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዳንቨርስ በምትባል ከተማ ከተረቀቀው መግለጫ ጋር በጣም ይቀራረባሉ። ያ መግለጫ የተጻፈው በአሜሪካ ወንጌላውያን መካከል ለነበረው የፌሚኒዝም ክርክር መልስ ሆኖ ነው። የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር የሆነው የደቡብ ባፕቲስት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1998 ሚስት ለባሏ አመራር ትገዛ የሚል አንቀጽ በእምነት መግለጫው ላይ ጨመረ። ከአሜሪካ መምጣታቸው ስህተት አያደርጋቸውም። ግን ከአሜሪካ የመጣ መልስ ይዞ ጥያቄውን «የፈረንጅ ነው» ማለት አይቻልም።

በነገራችን ላይ ወግ አጥባቂ የሚባሉት ሁሉ እንደ እርሱ አያነቡም። ማንም ለዘብተኛ የማይላቸው የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ሴት ክብር በጻፉት መልእክት የኤፌሶን 5 መገዛት የሁለቱም ነው ብለው አስተምረዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በቲክቶክ ላይ ወንድን ሁሉ የሚሰድብ፣ ትዳርን እንደ እስር ቤት የሚስል ንግግር አለ። ልብ ያደርቃል። ፌሚኒስት ነን የሚሉ ሁሉ የሚሉትንም አልቀበልም። ነገር ግን በእኛ አገር የሴቶች መብት የሚባለው ሥራ በተግባር ምን እንደሠራ ልንገራችሁ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሠረት ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ አገባኋት ካለ ክሱ ይቀርለት ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፈቃድ ምን እንደሚመስል አስቡት። ይህንን ለማስለወጥ የጮኹት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና መሰሎቹ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያ ማምለጫ ተዘጋ። የባልን የበላይነት የሚደነግገውን አንቀጽም የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሽሮ ቤተሰብን በማስተዳደር ባልና ሚስት እኩል መብት አላቸው አለ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው ክርስቲያንን ሊያሳዝን የሚገባው?

«ትምህርትና ደመወዝ ትዳር አፈረሰ» ይላል

ይህኛው ብዙ አያስኬድም። ምሳሌ 31 የሚያመሰግናት ባለሙያ ሴት እርሻ አይታ ትገዛለች፣ ወይን ትተክላለች፣ ትነግዳለች። ባሏም ይተማመንባታል። ፍቺን በተመለከተ ደግሞ፣ በአማራ ገጠር በልጅነታቸው የተዳሩ ሴቶች ትዳር ሲፈርስ የኖረው ከስንት ዘመን ጀምሮ ነው። እነዚያ ልጆች ፊደል እንኳ አልቆጠሩም።

«ገመናሽን አታውጪ፤ በዝምታ ርቺው» ይላል

ጽሑፉ ላይ እጅግ ያስፈራኝ ይህ ነው።

ጥቂት ዓመታት ያለፈው ነገር ነው። አንዲት እህት ከእሁድ አገልግሎት በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቃኝ ነበር። ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ተከናንባለች። ለታክሲ እንኳ ገንዘብ አልነበራትም፤ በእግሯ ነው የመጣችው። ደመወዟ በየወሩ ይገባል፣ የኤቲኤም ካርዱ ግን ባሏ ኪስ ነው። በሌላ ቀን ከሽማግሌዎች ጋር ስትቀመጥ አብሬያት ነበርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ብለሽው ነው?» የሚል ነበር። ቀጥሎ «ጸልየሻል?» ተባለች። ከዚያ ኤፌሶን 5 ቁጥር 22 ይነበብላት ጀመር። አንባቢው ሳይጨርስ እርሷ በቃሏ ጨረሰችው። ባሏ አልተጠራም። ቁጥር 25 የተነበበለት ሰውም አልነበረም።

እነዚያ ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የተማሩት ያንን ነው። የወንድማችን ጽሑፍ የሚያስተምራቸውም ያንኑ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ይኖረዋል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ምግብ ማሳረር፣ መከራከር፣ ሳይናገሩ መውጣት፣ ልጆችን ችላ ማለት፣ አብሮ አልተኛም ማለት ተዘረዘሩ። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት መምታቱ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ በልጠው «ይገባናል» አሉ። አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች መካከል ደግሞ 34 በመቶው ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ባለ አገር ላይ ቁጭ ብሎ የሴቶች ችግር አለመታገሥ ነው ብሎ መጻፍ ይከብዳል።

ጸሐፊው የሚጠቅሰው አንደኛ ጴጥሮስ 3 ቁጥር 1 ቃሉን የማያምኑ ባሎች በሚስቶቻቸው ኑሮ እንዲማረኩ የሚናገር ነው። ስለ ዱላ አንድ ቃል የለውም። የቤተ ክርስቲያን አባቶችም እንደዚያ አላነበቡትም። ዮሐንስ አፈወርቅ የ4ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው፤ ባል የቤቱ ራስ ነው ብሎ በግልጽ ያስተማረ፣ ፌሚኒስት ሊባል ከቶ የማይችል አባት ነው። እርሱ እንኳ ኤፌሶን 5ን ሲተረጉም አገልጋይን በፍርሃት መያዝ ይቻል ይሆናል፣ የሕይወት አጋርን ግን በፍርሃትና በዛቻ ማሰር አይገባም አለ። ሚስት ባሏን እያየች የምትንቀጠቀጥበት ትዳር ምን ዓይነት ትዳር ነው ብሎም ጠየቀ። ሚስትን መምታት የባልን ራሱን ውርደት ነው የሚያሳየው ብሎ የሰበከበት ቦታም አለ።

«እግዚአብሔር መፋታትን ይጠላል» የሚለውን የሚልክያስ 2 ቃልም አንስቷል። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ አያበቃም። በመቀጠል ልብሱን በግፍ የሚከድነውንም ሰው እንደሚጠላ ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ናቸው።

ሕጉም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደ ማንኛውም ጥቃት የሚያስቀጣ መሆኑን ይደነግጋል። የምትደበደብ ሴት ጣቢያ ስትሄድ ገመና አላወጣችም፤ ወንጀል አመለከተች። የአንቀጽ 620 ክፍተት ግን አሁንም አለ። መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» ስለሚል ሚስቱን ያስገደደ ባል በዚያ አንቀጽ አይጠየቅም። ሕግ እንኳ ባልደረሰላት ሴት ላይ ቤተ ክርስቲያን በሯን ስትዘጋባት ወዴት ትሂድ?

የደቡብ ባፕቲስት ኅብረት ያንን አንቀጽ ካጸደቀ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በገለልተኛ ወገን የተጠና ሪፖርት ወጣ። መሪዎቹ በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች አቤቱታ ለረጅም ጊዜ ችላ ሲሉና ሲገፉ እንደኖሩ አሳየ። አንቀጹ ይህንን አመጣ አልልም። የመገዛት ትምህርት የሰፈነበት ቤት ለሴት ጥላ ነው ለሚለው ጸሐፊ ግን መልስ ይሆናል። ጥላው በራሱ አይመጣም።

«ሁለት ራስ ያለው ቤት አይቆምም» ይላል

ጳውሎስ ራስነትን ሲያብራራ ክርስቶስ «አካሉን የሚያድን» ነው አለ፤ እንደሚመግብና እንደሚከባከብም ጨመረ። የመጨረሻውን ውሳኔ ማን ይስጥ የሚል ነገር እዚያ የለም። በአንደኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ ባልና ሚስት ለጸሎት ለመለየት እንኳ «ተስማምተው» ይሁን ይላል። የምናውቃቸው ጥሩ ትዳሮችም እንዲሁ ናቸው። የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ሲመረጥ፣ ገጠር ላለች እናት ምን ያህል ይላክ ሲባል ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ካልተስማሙ ያሳድሩታል። ኢየሱስም ደቀ መዛሙርቱን የአሕዛብ አለቆች እንዴት እንደሚገዙ አስታውሷቸው «በእናንተስ እንዲህ አይደለም» ብሏቸዋል።

«እኩልነት ከጋብቻ ትምህርት ይውጣ» የሚለውን በተመለከተ

እኛ ጋ አይወጣም። እንዲያውም የሚጨመር አለ። እጮኛሞች የየራሳቸው የባንክ ሒሳብ ይኑራቸው፣ ካርዱም በየራሳቸው እጅ ይሁን ብለን በግልጽ መናገር አለብን። አንቀጽ 564 ምን እንደሚል ወንዶቹም ሴቶቹም ባሉበት እናንብብላቸው። ተመታሁ ብላ የመጣችን ሴት ለብቻዋ የምትሰማ ሴት አገልጋይ በየቤተ ክርስቲያኑ ትኑር። ጤና ጣቢያም ፖሊስ ጣቢያም አብራት የምትሄድ ሰው ትመደብላት። ሽማግሌዎችም መጀመሪያ የሚጠሩት ባልየውን ይሁን።

ለወንድሜ ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ለሚስቶች ግዴታ የሰጠኸውን ያህል ገጽ ለቁጥር 25 ስጥና ለባሎች ጻፍ። ደመወዙን ማን እንደሚይዝ፣ ሲቆጣ እጁ ምን እንደሚያደርግ፣ ሚስቱ አይሆንም ስትለው ምን እንደሚመልስ ሳትሸፋፍን ጻፍላቸው። ያንን ጽሑፍ ለማስተምራቸው እጮኛሞች ሁሉ አስነብባለሁ።